የእጅ ጥበብ ሥራና የሀገር ጐብኚ ገበያ፤ ከጉዱማሌ የሚነሣ የንግድ ትምህርት

በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ዳር ጉዱማሌ የሚባለው ሥፍራ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት አደባባይ መሆኑ የታወቀ ነው። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓሉን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ካሰፈረው ወዲህ የሥፍራው ስም በባሕር ማዶ ሳይቀር ይነሣል። በበዓሉ ቀን ሽማግሌውም፣ ጐልማሳውም፣ ሴቱም በሀገር ልብስ አምሮ ይወጣል። ከሩቅ የመጣው ጐብኚ ፎቶግራፉን አንሥቶ ሲያበቃ ዓይኑን የሚጥለው በሰው ትከሻና በሰው እጅ ላይ ባለው ዕቃ ነው፤ «ይህ ከምን ተሠራ? ማን ሠራው? የት ይገኛል?» እያለ ይጠይቃል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ጥያቄ የገበያ ጥሪ አድርጎ ሊሰማው ይገባል።

በዓለም ዙሪያ የሚዘዋወር ሰው ሆቴሉን፣ አውሮፕላኑንና መኪናውን በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል። በየአገሩ ተለይቶ የሚያገኘው ነገር ቢኖር የሰው እጅ ሥራ ነው። በሞሮኮ በፌስ ከተማ ቆዳ ሲነከር ቆሞ ያያል፤ በጃፓን በማሺኮ የሸክላ መንደር ጐድጓዳ ሳሕን መርጦ ይገዛል፤ በሐረር በጀጐል ግንብ ውስጥ በግድግዳ የተሰቀለውን ስፌት ያደንቃል። ወደ ቤቱ ሲመለስ በሻንጣው የሚይዘው አንድ ዕቃ ለጓደኞቹ ሁሉ የሚያሳየው ምስክር ይሆናል። ከጓደኞቹም አንዱ «እኔስ ከወዴት አገኘዋለሁ?» ያለ እንደ ሆነ የወጪ ንግድ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ጐብኚው የገዛው አንድ መሶብ ራሱ ብዙ ትርፍ ባያስገኝም፣ ላኪው ገንዘብ ሳያወጣበት ባሕር የተሻገረ ናሙና ነው።

ለመሆኑ የእጅ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው? ጥያቄው የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጥቅምት 1997 በፊሊፒን ዋና ከተማ በማኒላ ስለ እጅ ሥራ ንግድና ስለ ጉምሩክ አመዳደብ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ፍቺ አለ። ፍቺው በባለእጅ ሙሉ በሙሉ በእጅ፣ ወይም በእጅ መሣሪያ፣ ወይም በመኪና እርዳታ ቢሠራም የሰውየው የገዛ እጁ ድርሻ የሚያመዝንበት ዕቃ የእጅ ሥራ ነው ይላል። እንግዲህ መኪና ነክቶታል ተብሎ የእጅ ሥራነቱ አይቀርም። ነገር ግን መኪናው ሠርቶት ሰው መለያ ወረቀት ብቻ የለጠፈበት ዕቃ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባውም።

በዚህ ነጥብ ላይ የአስመጪዎችን ጉዳይ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የሀገር ልብስ ጥለት በፋብሪካ ታትሞበት ከውጭ የሚገባ ጨርቅ በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል። ገዢ አለው፤ ኪሱ ያነሰ ሰውም ለበዓል ደኅና መስሎ ይውልበታል፤ ይህ የማንም ነቀፋ የለበትም። ነውሩ ያለው «የሸማኔ ሥራ ነው» ብሎ በመሸጥ ላይ ነው። ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ፣ ጥለቱን ክር በክር እየለቀመ ብዙ ቀን የደከመበትን ልብስ፣ በደቂቃ ከታተመው ጨርቅ ጋር በአንድ ስም ማስቀመጥ ሸማኔውን ከገበያ ማስወጣት ነው። ሸማኔው እንዝርቷን ከምትሾረው ሴት ባዘቶውንና ፈትሉን መግዛት ሲያቆም እርሷም አብራ ትወጣለች። በዚህ የሚጐዳው ሸማኔው ብቻ እንዳይደለ ባለሱቁ ይወቅ። አንድ ጊዜ የተታለለ ጐብኚ ከዚያ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ከተማ ሁሉ መግዛት ይተዋል።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ልብሱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበቃል። በታተመው ጨርቅ ጀርባ ቀለሙ ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይታያል። በእጅ በተሠራው ላይ ግን የጥለቱ ክሮች ሲገቡና ሲወጡ በጀርባ በኩል ይታወቃሉ፤ እዚህም እዚያም ጥቂት መዛነፍ ይኖራል። ይህን መዛነፍ አንዳንድ ሻጮች እንደ ጉድለት ቈጥረው ሊሸፍኑት ሲሞክሩ ይስተዋላል። የሚያውቅ ገዢ ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚያው ነው።

የሲዳማ ምድር ለዚህ ንግድ የሚሰጠው ጥሬ ዕቃ በብዛት ከአጥር ግቢ የሚገኝ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ እንሰት አለ። ሴቶች የእንሰቱን ንብርብር በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁት፣ ፍቁ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ፣ በሲዳምኛ ዋሳ የሚባለው ምግብ ይሆናል። በመፋቂያው ሥር የሚቀረው ነጭ ጭረት በፀሐይ ሲደርቅ ቃጫ ይባላል። ከቃጫ ገመድ ይገመዳል፤ ምንጣፍና ጆንያም ይሠራበታል። ቃጫው ለብቻው የሚዘራበት መሬት አይፈልግም፤ ከምግብ ሥራ የተረፈ ነውና።

የፊሊፒን ሰዎች አባካ የሚሉት ተክል የእንሰት ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከሙዝ ወገን ናቸው። የአባካ ጭረት «የማኒላ ገመድ» በሚል ስም የመርከበኞችን ገበያ ለረዥም ዘመን ገዝቶ ኖረ። ከፋብሪካ የወጣው ገመድ ተተክቶ ያ ገበያ ሲጠብብ የፊሊፒን ነጋዴዎች ጭረቱን አልጣሉትም፤ ዛሬ የሻይ ከረጢት የሚሠራበት ቀጭን ወረቀት ከዚያ ይወጣል፤ ቦርሳና ባርኔጣም ይጐነጐንበታል። በሐዋሳ ገበያ ቃጫ በአመዛኙ በእስር የሚሸጥ ጥሬ ነገር ነው። በጉምሩክ አመዳደብ ጥሬ ቃጫ በ53.05፣ ገመድ የሆነው በ56.07፣ ተጐንጕኖ ቅርጫት ወይም ቦርሳ የሆነው በ46.02 ይገባል። የዚያው ቃጫ ዋጋ ከፊተኛው ቍጥር ወደ ኋለኛው ባለፈ መጠን የሚጨምረው የሰው እጅ ስለ ገባበት ነው፤ ልዩነቱም ከሲዳማ ቤት ሊገባ የሚችል ገንዘብ ነው።

ቀርከሃም እንዲሁ ነው። በሁላና በሌሎቹ የሲዳማ ደጋዎች የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ቤት ይሠራበታል፤ የተሰነጠቀው ቀርከሃ እንደ ስፌት ተጠላልፎ የሚቆመው የሲዳማ ቤት ራሱ የእጅ ጥበብ ማሳያ ነው። ከዚሁ ቅርጫት፣ ወንበርና መደርደሪያ ይወጣል። የዚህ ዕቃ ጠላት ነቀዝ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ፣ ወይም በዝናብ ወራት የተቈረጠው፣ በውስጡ ነቀዝ የሚወደው ስታርች ስለሚበዛበት ከጥቂት ወራት በኋላ ነጭ ዱቄት ማፍሰስ ይጀምራል። ዱቄቱ በሐዋሳ ሱቅ ቢታይ ባለሱቁ ጠርጎ ያልፈው ይሆናል፤ በሐምቡርግ ወደብ የታየ እንደ ሆነ ግን ጭነቱ ሁሉ ሊመለስ ወይም ሊቃጠል ይችላል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። የበሰለውን መርጦ በበጋ መቍረጥ፣ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውኃ መንከር፣ በጥላ ማድረቅ። ዕቃው የሚታሸግበት የእንጨት ሣጥንም ቢሆን ውስጡ 56 ዲግሪ እስኪደርስ ተሙቆ ለ30 ደቂቃ በዚያው ሙቀት ያልቆየና ምልክቱ ያልታተመበት ከሆነ በብዙ አገር ወደብ አያልፍም። ስለ ሣጥኑ ሳይጠይቁ ስለ ዕቃው ብቻ ተጨንቀው የከሰሩ ላኪዎች ጥቂት አይደሉም።

ወደ ሸክላ ሥራ ሲመጣ ነገሩ ከገበያ ሒሳብ ያልፋል። በሲዳማ ሸክላ በመሥራት የሚታወቁት ሀዲቾ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሀገሩ ሁሉ የሚበላበትንና የሚጠጣበትን ዕቃ እየሠሩ፣ ራሳቸው ግን ለብዙ ዘመን በጋብቻም በማዕድም ተለይተው ኖረዋል። ይህ የሲዳማ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ በመላ ኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ስድብ ሲለጠፍባቸው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በሽታው ስለ በረታ ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ይሁንና ጀበናዋን በአደባባይ እያወደሰ፣ ጀበናዋን የሠራችውን ሴት ከሱቁ በር አልፋ እንድትገባ የማይወድ ነጋዴ ዛሬም አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ባህል ዕቃ ንግድ ቢናገር ማን ያምነዋል?

ይህን ማንሣት ለሥነ ምግባር ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ይጠይቀዋል። የሠሪዋ ልጅ እናቷ የምትናቅበትን ሙያ አትማርም፤ ሙያው ካልተወረሰ ላኪው የሚልከው አይኖረውም። ጃፓኖች ይህን ቀድመው ስለ ተረዱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1974 የባህላዊ እጅ ሥራን የሚደግፍ ሕግ አወጡ። በዚህ ሕግ ለመታወቅ ዕቃው ለዕለት ኑሮ የሚውል፣ ዋናው ሥራው በእጅ የሚከናወን፣ ብልኀቱና ጥሬ ዕቃው ከጥንት የመጣ፣ በአንድ አካባቢም በርከት ባሉ ሠሪዎች የሚሠራ መሆን አለበት፤ «ከጥንት» ማለትም በአሠራር መቶ ዓመት ያህል ነው። መስፈርቱን ያሟላው ዕቃ የታወቀ ምልክት ይለጠፍበታል። ከሕጉ በፊትም ያናጊ ሶኤትሱ የሚባል ጸሐፊና ሐማዳ ሾጂ የሚባል ሸክላ ሠሪ ከነጓደኞቻቸው ስሙ ያልታወቀ ባለእጅ የሠራው ተራ የቤት ዕቃ ውበት እንዳለው ለወገናቸው ሲያስረዱ ነበር፤ በ1936 በቶክዮ ቤተ መዘክር እስከ መክፈት ደርሰዋል። ማሺኮ ከሩቅ ጐብኚ የሚመጣበት መንደር ለመሆን የበቃው ሐማዳ በዚያ ተቀምጦ ስለ ሠራ ነው።

የስም ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «የፓናማ ባርኔጣ» በሚል ስም ዓለም የሚያውቀው ነጭ ባርኔጣ የፓናማ ሥራ አይደለም። በኢኳዶር ቶኪያ ከሚባል ተክል ቅጠል የሚጐነጐን ነው። ነገር ግን ዕቃው በፓናማ በኩል አልፎ ለመንገደኛ ሲሸጥ ስለ ኖረ፣ የሠራው አገር ቀርቶ ያለፈበት በር ስሙን ወሰደው። የባርኔጣው አሠራር በ2012 በቅርስ መዝገብ በኢኳዶር ስም ቢጻፍም ገዢው ዛሬም «ፓናማ» ብሎ ነው የሚጠራው። ኢትዮጵያ ይህን ታውቀዋለች፤ የሐረር ቡና በየመን ወደብ ስም «ሞካ» እየተባለ የተሸጠበት ዘመን ነበርና።

ከዚያ ወዲህ የተደረገውም ሊዘነጋ አይገባም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ብዙ ካነጋገረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈረመ። ቡናው ስም አገኘ። ከቡናው ጋር በአንድ ግቢ የበቀለው እንሰትና ከእርሱ የተሠራው ቅርጫት ግን ስም የለውም፤ በውጭ ሱቅ ከገባ «የአፍሪካ ቅርጫት» ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በዓሉ በዓለም ቅርስ መዝገብ መጻፉ ክብር ነው እንጂ የንግድ መብት አይደለም። «ፍቼ» ወይም «ጉዱማሌ» የሚል ጽሑፍ በሌላ አገር ፋብሪካ በተሠራ ከረጢት ላይ ቢታተም መዝገቡ ብቻውን አይከለክለውም። ስምን ለንግድ የሚጠብቀው የንግድ ምልክት ምዝገባ፣ ወይም እንደ ፓናማ ያለ ልዩ ሕግ ነው፤ ይህችው ባርኔጣው በስሟ የሚጠራላት አገር በ2000 የነባር ሕዝቦቿን የጋራ የጥበብ መብት የሚጠብቅ ሕግ አውጥታ ሞላ የሚባለውን የጨርቅ ሥራ አስከብራለች። በአንድ ሱቅ ስም ከሚመዘገብ ይልቅ በሠሪዎች ማኅበር ስም ቢመዘገብ ይሻላል፤ ባለሱቅ ሱቁን ሊዘጋ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን ሙያው እስካለ ድረስ ይኖራል።

ከአፍሪካ ምሳሌ የሚፈልግ ላኪ ሩዋንዳን ይመልከት። በ1994 ከደረሰው እልቂት የተረፉ ሴቶች የሠሩት አጋሴኬ የሚባለው ክዳን ያለው ስፌት ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ በማሲስ ታላቅ መደብር ተሸጧል። ያ የሆነው ገዢው ስላዘነ ብቻ አይደለም። አዘኔታ አንድ ጊዜ ያስገዛል፤ ሁለተኛ የሚያስገዛው መጠኑ የተስተካከለ፣ ቀለሙ የማይለቅ፣ በተባለው ቀን የሚደርስ ዕቃ ነው። በአዲስ አበባም በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በዘነበወርቅ ሠፈር የተጀመረው ሶልሬብልስ የጫማ ድርጅት፣ በረባሶ የሚሠራበትን የአሮጌ ጎማ ብልኀት ከሸማኔ ጨርቅ ጋር አጋጥሞ ጫማውን በውጭ አገር እስከ መሸጥ ደርሷል።

አሁን ወደ ማጓጓዣ ሒሳብ እንግባ፤ ብዙ የእጅ ሥራ ንግድ የሚሞተው እዚህ ነውና። ቅርጫት ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ላኪ የአውሮፕላን ጭነት በምን እንደሚሰላ አያውቅም። የአየር መንገዶች ዕቃውን በሚዛን ብቻ ሳይሆን በያዘው ቦታም ያሰሉታል፤ በተለመደው ደንብ 6000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደ አንድ ኪሎ ይቈጠራል፤ ከሁለቱ የበለጠው ይከፈላል። አንድ ቅርጫት ወርዱ 40፣ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢታሸግ፣ ካርቶኑ የሚይዘው ቦታ 48000 ነው፤ ለ6000 ሲካፈል 8 ኪሎ ይወጣል። ቅርጫቱ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላ ይሆናል። ስለዚህ ላኪው የሚከፍለው ለሰባት ኪሎ አየር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ያወቀ ላኪ ሠሪዎቹን አስቀድሞ ያነጋግራል። «እናቴ፣ አንዱ በአንዱ ሆድ የሚገባ አድርገሽ አምስት መጠን ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ልኩን አምጣልኝ እንጂ እንዴት ያቅተኛል» የምትል አትጠፋም። አምስቱ ተጐራርሰው በዚያው ካርቶን ሲገቡ 8 ኪሎው ለአምስት ይካፈላል፤ ለአንዱ የሚደርስበት 1.6 ኪሎ ብቻ ነው። ልኩም በቃል ሳይሆን በእንጨት ወይም በሽቦ ቀለበት ተሠርቶ ቢሰጣት ሥራው አንድ ወጥ ይሆናል። የዚህ ሁሉ ወጪ አንዲት ቀለበት ናት። ትርፉን ግን ላኪው ብቻ ሊጠቀልለው አይገባም፤ ልክ ጠብቆ መሥራት ጊዜ ይወስዳልና የሠሪዋ ዋጋም መጨመር አለበት።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ንግድ አንድ ብርታት አግኝቷል። የፋብሪካ ልብስ ለመስፋት ክርና ቁልፍ በውጭ ገንዘብ መግዛት ያስፈልጋል፤ ሸክላው፣ ቃጫውና ቀርከሃው ግን የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቁ ምንዛሪ የሚያስገቡ ናቸው። ወደ አውሮጳ ኅብረት ለሚላከውም ዕቃ ኢትዮጵያ ከጦር መሣሪያ በቀር በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ ታዳጊ አገሮች ዕቃ ሁሉ የሚሰጠው ነጻ የቀረጥ ዕድል ተጠቃሚ ናት፤ ግን የትውልድ ሀገር ማስረጃው በደንቡ መሠረት ካልተሟላ ዕድሉ በወረቀት ብቻ ይቀራል።

ስለ አሮጌ ዕቃ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። ጐብኚ «የድሮ ነው ወይ?» እያለ ሲጠይቅ፣ አንዳንድ ባለሱቅ አዲሱን በጢስ አጥቁሮ አሮጌ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ በእውነት አሮጌውን ከገጠር አሰባስቦ ይሸጣል። የፊተኛው ማታለል ነው፤ ሁለተኛው ግን ከዚያ የከፋ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው። ለጀግና መታሰቢያ በመቃብር ላይ የሚቆመው የኮንሶ ዋካ ከቦታው እየተነቀለ ለጐብኚ የተሸጠበት ጊዜ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በደረሰኙ ላይ «አዲስ ሥራ» ብሎ ከነሠሪው ማኅበርና ከነወሩ መጻፍ ገዢውን በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚደርስበት እንግልት ያድነዋል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜ። ፍቼ ጨምበላላ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም፤ አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ቀኑን ያሳውቃሉ። በቅርቡ ዓመታት በመጋቢትና በሚያዝያ ሲውል ታይቷል። የበዓሉ ቀን እስኪነገር ጠብቆ ዕቃ ማዘዝ የሚሻ ባለሱቅ፣ ቀርከሃው በበጋ ተቈርጦ፣ ተነክሮና በጥላ ደርቆ ለሠሪው የሚደርስበትን ጊዜ አላሰበም። ለጉዱማሌ ዕለት ቅርጫትና መደርደሪያ ማቅረብ የፈለገ ሰው ቀርከሃውን በታኅሣሥ ያስቈርጥ፤ ልኩንና ከዋጋው እኩሌታውን ቀብድ በጥር ለሠሪው ይስጥ።